ሁሉንም መኪና በአንድ ዓይነት ሮለር የመመርመር ልማድ

በተሽከርካሪ ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ውስጥ ፍሬንን በሮለር መለካት የታማኝነት ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል፤ መሣሪያው ቁጥር ስለሚያወጣ፣ ቁጥርም ከመርማሪው ግምትና ከባለ መኪናው ልመና ነጻ ስለሚመስል፣ ሮለር ላይ የወጣ መኪና ሁሉ በትክክል እንደ ተመረመረ ይታመናል። የሞተሩ ኃይል ለሁለት ጎማ ብቻ በሚደርሳቸው መኪኖች ላይ ይህ እምነት በአመዛኙ ይሠራል፤ ኃይሉ ለአራቱም ጎማ በሚከፋፈልባቸው፣ በተለምዶ ፎር ዊል በሚባሉት መኪኖች ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም። በእነዚህ መኪኖች ዙሪያ ሁለት ተቃራኒ ልማዶች ሥር ሰደዋል፤ አንደኛው የመኪናውን አሠራር ሳይጠይቁ ሁሉንም በአንድ ዓይነት መንገድ ሮለር ላይ ማውጣት ሲሆን፣ ሁለተኛው «ፎር ዊል ሮለር ላይ አይወጣም» በማለት ፍሬኑን ሳይለኩ በዓይን ብቻ አይቶ ማሳለፍ ነው። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ የስሕተታቸውም ምንጭ አንድ ነው፤ መርማሪው ሥራውን የሚጀምረው ከመሣሪያው እንጂ ከመኪናው አይደለም።

የሮለር መሣሪያ ወለል ውስጥ የተቀበሩ፣ አንዱ ለግራ ሌላው ለቀኝ ጎማ የሆኑ ሁለት ጥንድ ሮለሮች አሉት። የአንዱ አክስል ጎማዎች በእነዚህ ላይ ሲያርፉና መኪናው ኒውትራል ላይ ሲሆን፣ የመሣሪያው ኤሌክትሪክ ሞተር ጎማዎቹን በሰዓት ከ2.5 እስከ 5 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ዝግታ ያዞራቸዋል፤ አሽከርካሪው ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሲረግጥም ጎማው በሮለሩ ላይ የሚያሳድረው ተቃውሞ በኪሎ ኒውተን ይለካል። የአራቱ ጎማዎች ድምር ለመኪናው ክብደት ሲካፈል የፍሬኑ ብቃት በመቶኛ ይገኛል። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የምርመራ መመሪያ ለአዳዲስ የቤት መኪኖች ቢያንስ 58 ከመቶ፣ ለእጅ ፍሬን ደግሞ 16 ከመቶ ብቃት የሚጠይቅ ሲሆን፣ በአንድ አክስል ግራና ቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው የኃይል ልዩነት ከ30 ከመቶ በላይ ከሆነ መኪናው እንደ ጉድለተኛ ይቆጠራል። ይህ ሁሉ ስሌት የቆመው ሮለር ላይ ያለው አክስል ወለል ላይ ከቆመው አክስል ጋር ምንም ግንኙነት የለውም በሚል ግምት ላይ ነው።

ግምቱ የሚጸናውና የሚፈርሰው እንደ መኪናው አሠራር ነው። እንደ ላንድክሩዘር 70 እና እንደ ብዙዎቹ ሃይሉክሶች ያሉ መኪኖች አሽከርካሪው ራሱ ፎር ዊል ካላስገባ በቀር የሚነዱት በኋላ ጎማ ብቻ ስለሆነ፣ ማርሹ በሁለት ጎማ ላይ እስካለ ድረስ ሮለሩ ችግር አያመጣባቸውም። ፎር ዊል ገብቶ ከተረሳ ግን የፊትና የኋላ አክስሎች በጥብቅ ስለሚታሰሩ፣ ሮለሩ የፊት ጎማዎችን ሲያዞር የኋላዎቹም ወለሉን ይገፉና መኪናው ከሮለሩ ዘልሎ ሊወጣ ይችላል፤ በዚያ ቅጽበት በመኪናው ዙሪያ ወይም ከሥሩ በጉድጓድ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ በሚነዱ መኪኖች ላይ ደግሞ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍል ሌላ ክፍል መሐል ላይ አለ፤ ይህም በአንዳንዶቹ በጥርሶች መፋተግ የሚሠራ ቶርሰን የሚባል ዲፈረንሻል፣ በሌሎቹ ቪስከስ ካፕሊንግ የሚባል በወፍራም የሲሊኮን ፈሳሽ የተሞላ ማያያዣ፣ በሌሎቹም በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ክላች ነው። የስም መመሳሰልም ያሳስታል፤ በቤንዚን ብቻ የሚሠራው ፎር ዊል ራቭ ፎር የኋላ አክስሉን በረጅም ዘንግ ሲያገኝ፣ በሃይብሪዱ ራቭ ፎር ላይ የኋላ ጎማዎችን የሚያዞረው የራሱ የኤሌክትሪክ ሞተር በመሆኑ ሁለቱን አክስሎች የሚያገናኝ ዘንግ ከነጭራሹ የለም።

ከእነዚህ ሁሉ በሮለር ይበልጥ የሚጎዳው ቪስከስ ካፕሊንግ ነው። በውስጡ ከፊት አክስል ጋር የተያያዙና ከኋላ አክስል ጋር የተያያዙ ስስ ሳህኖች አንዱ በሌላው መካከል ተደርድረው በፈሳሹ ውስጥ ይዞራሉ፤ የሁለቱ ወገን ፍጥነት ሲለያይ ፈሳሹ እየተፈተገ ይግላል፣ ይነፋል፣ በመጨረሻም ሁለቱን ወገን አጥብቆ ይይዛል። ዙሪያው 2.1 ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ሲዞር በደቂቃ 40 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል፤ የአክስሉ ዲፈረንሻል 4 ለ 1 ከሆነ በዘንጎቹ መካከል የሚፈጠረው የፍጥነት ልዩነት በደቂቃ 160 ዙር ይደርሳል። በአንጻሩ የፊትና የኋላ ጎማ ዙሪያ በማለቅ ምክንያት 1 ከመቶ ቢለያይና መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ያው ማያያዣ የሚሸከመው ልዩነት በደቂቃ 32 ዙር ብቻ ነው። ስለዚህ በዝግታ የሚዞረው ሮለር ከፈጣን ጉዞ አምስት እጥፍ የሚደርስ የፍጥነት ልዩነት በማያያዣው ላይ ይጭናል።

የመጀመሪያው ልማድ ደጋፊዎች ፍተሻው ከአንድ ደቂቃ የማያልፍ በመሆኑ ጉዳት አያስከትልም ይላሉ፤ በክርክራቸውም ውስጥ እውነት አለ። አንዳንድ አምራቾች ሮለሩ በዝግታ እስከ ዞረና የመኪናው ሞተር ሮለሩን እስካልነዳ ድረስ አጭር ፍተሻን ይፈቅዳሉ፤ የሰፊው ሕዝብ ፍርሃትም በከፊል የመጣው የመኪናው ሞተር ራሱ በከፍተኛ ፍጥነት ሮለሩን ከሚያዞርበት፣ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ የኃይል መለኪያ ነው። ሆኖም ደጋፊዎቹ የሚመልሱት ማያያዣው ይሰበራል ወይ ለሚለው ጥያቄ ብቻ ነው። ከዚያ የሚከብደው ጥያቄ መሣሪያው ያወጣው ቁጥር እውነት ነው ወይ የሚለው ሲሆን፣ ለዚህኛው የፍተሻው ማጠር መልስ አይሆንም።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። የአንድ መኪና የፊት ግራ ፍሬን 3 ኪሎ ኒውተን፣ የቀኙ ደግሞ 2 ኪሎ ኒውተን ኃይል ቢኖራቸው ልዩነቱ 33 ከመቶ ስለሚሆን መኪናው መውደቅ አለበት። አሽከርካሪው ፍሬን ሲረግጥ ግን ወለል ላይ ያሉት የኋላ ጎማዎችም ይያዛሉ፤ እነርሱ የያዙት ዘንግ በመሐሉ ማያያዣ በኩል የፊት አክስሉን ይጎትታል፤ የአክስሉም ዲፈረንሻል ይህን ጉተታ ለግራና ለቀኝ እኩል ያካፍለዋል። ለእያንዳንዱ ጎማ ግማሽ ኪሎ ኒውተን ቢደርሰው መሣሪያው 3.5 እና 2.5 ያነባል፤ ልዩነቱም ወደ 29 ከመቶ ይወርድና መኪናው ያልፋል። በድንገተኛ ፍሬን ወደ አንድ ጎን የሚስብ መኪና ደኅና ነው የሚል ወረቀት ይዞ ወደ መንገድ ይወጣል ማለት ነው። በተቃራኒው ደግሞ ፍሬን ሳይረገጥ የሚታየው የማያያዣው ጉተታ «ፍሬኑ ይዟል» ተብሎ ሲተረጎም፣ ጤነኛ መኪና ለማያስፈልግ የጋራዥ ወጪ ይዳረጋል። ማያያዣው እንዲላላ ሞተሩን አጥፍቶ መለካትም መፍትሔ አይሆንም፤ በብዙ መኪኖች ላይ ለፍሬኑ አጋዥ ቫኪዩም የሚሰጠው ሞተሩ ስለሆነ፣ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ የሚለካው አጋዥ ያጣ ፍሬን ይሆናል።

ሁለተኛው ልማድ፣ ማለትም ፎር ዊልን ከመለካት ነጻ ማድረግ፣ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። እነዚህ መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ከቤት መኪና የሚከብዱ፣ ሰውና ዕቃ ጭነው ረጅም ቁልቁለት የሚወርዱ በመሆናቸው ፍሬናቸው ይበልጥ ሊፈተሽ እንጂ ሊታለፍ አይገባውም። የፍሬን ሸራ ውፍረት በዓይን ሊታይ ይችላል፤ የተጣበቀ ፒስተንና ዘይት የነካው ሸራ የሚያስከትሉትን የኃይል መቀነስ መጠን ግን ዓይን ሊለካው አይችልም። የመኪናውን ማያያዣ ለማዳን ሲባል የተሳፋሪውን ሕይወት መዘንጋት ጥንቃቄ ሊባል አይችልም።

ሁለቱን ልማዶች የሚያስቀር ዘዴ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ብዙ ዘመናዊ የሮለር መሣሪያዎች የግራውን ጎማ ወደ ፊት፣ የቀኙን ወደ ኋላ በእኩል ፍጥነት የማዞር ችሎታ አላቸው፤ በዚህ ጊዜ የሁለቱ ጎማዎች እንቅስቃሴ በአክስሉ ዲፈረንሻል ውስጥ ስለሚጣፋ ወደ መሐሉ ማያያዣ የሚሄደው ዘንግ አይዞርም፣ ማያያዣውም አይግልም፣ ቁጥሩም አይበከልም፤ ወደ ፊት የሚዞረው ጎማ ከተለካ በኋላ አቅጣጫው ተገላብጦ ሌላው ይለካል። የአክስሉ ዲፈረንሻል ራሱ መንሸራተትን የሚገታ ዓይነት ከሆነ ግን ይህም ዘዴ አይሠራም። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና እየተነዳ መጥቶ በላያቸው ፍሬን የሚይዝባቸው የወለል ሳህኖች አሉ፤ እነርሱ ከሌሉም መኪናው ውስጥ የሚቀመጥ የፍጥነት ቅነሳ መለኪያ ይበቃል። የብሪታንያ የምርመራ መመሪያ ከአንድ በላይ አክስላቸው ሁልጊዜ የሚነዳ መኪኖችን ከተለመደው የሮለር ፍተሻ አውጥቶ በዚህ መለኪያ በመንገድ ላይ እንዲፈተኑ ያደርጋል። በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 58 ከመቶ ብቃት ባለው ፍሬን በ7 ሜትር ገደማ ውስጥ ይቆማል፤ ይህን ለመፈተን ሜዳ የሆነና የደረቀ አጭር መንገድ በቂ ነው። መለኪያው የእያንዳንዱን ጎማ ኃይል ለብቻው ስለማያሳይ፣ መርማሪው መኪናው ወደ ጎን መሳብ አለመሳቡን በጥንቃቄ መከታተል ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681 ምርመራን የሕግ ግዴታ አድርጎታል፤ ያለ ምርመራ ቦሎ አይገኝም። በከተማም በገጠርም ፎር ዊል መኪና በበዛበት አገር ይህ ግዴታ ትርጉም የሚኖረው ዘዴው ከመኪናው ጋር ሲስማማ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት በመከልከሉ የሚበረክቱት ባለ ሁለት ሞተር የኤሌክትሪክ መኪኖች አክስሎቻቸውን የሚያስተሳስር ዘንግ ስለሌላቸው ከመሐል ማያያዣው ችግር ነጻ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሞተሮቻቸው ራሳቸው ፍሬን የመያዝ ጠባይ ስላላቸው እነርሱም ከመለካታቸው በፊት የአምራቹ መመሪያ ሊነበብላቸው ይገባል።

ስለዚህ የመኪናው የኃይል አስተላለፍ ዓይነት በሊብሬው ላይ ሊሰፍር፣ መርማሪው ሮለሩን ከማስነሣቱ በፊት ሊያነበው፣ የምርመራው ወረቀትም ፍሬኑ በየትኛው ዘዴ እንደ ተለካ ሊገልጽ ይገባል። ዘዴው ያልተገለጸበት ቁጥር ለፎር ዊል መኪና የደኅንነት ማስረጃ ሆኖ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም።