አዲስ ሞላ በአሮጌ አካል

መኪናን ከፋብሪካ ከወጣበት ከፍታ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማድረግ በብዙ ሀገሮች ወጣቶች ዘንድ የተለመደ ፍላጎት ነው። አንዳንዱ ለመልኩ ሲል፣ አንዳንዱም መኪናው በመታጠፊያ ላይ እንዳያጋድልበት ሲል ያደርገዋል። መንገዱም ቀላል ይመስላል፤ የነበሩትን ሞላዎች አውጥቶ አጠርና ጠንከር ባሉ ሌሎች መተካት ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ መካከል አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ሞላው ሲለወጥ አብረውት የሚሠሩት ያረጁ ክፍሎች፣ ማለትም ሾክ አብዞርበሩ፣ ጎሚኒዎቹ፣ የላይኛው መቀመጫና ኩሽኔታው አብረው ይለወጡ ወይስ «ገና ይሠራሉ» ተብለው ይመለሱ? የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው፤ ያረጀው ክፍል አብሮ ሊለወጥ ይገባል፤ ለዚህ ወጪ አቅም የሌለው ሰውም ሞላውን ባይነካ ይሻለዋል። ለዚህ አቋም የሚያበቃን ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊከተለው የሚችል ፊዚክስ ነው።

ቦታው ሲጠብ

እንግሊዛዊው ሊቅ ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ሥራው እንዳስረዳው፣ ሞላ የሚመልሰው ጉልበት ከታመቀበት ወይም ከተሳበበት ርቀት ጋር ተመጣጣኝ ነው። የዚህ ዝምድና መለኪያ የሞላው ግትርነት ይባላል። አንድ ትንሽ አውቶሞቢል እንውሰድና በአንዱ የፊት ጎማ በኩል ሞላው የሚሸከመው መጠነ ቁስ 300 ኪሎ ግራም፣ ግትርነቱም በሚሊ ሜትር 20 ኒውተን ነው እንበል። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ቢሆኑም ከእውነተኛው መኪና የራቁ አይደሉም። ይህ መኪና ወደ ታች ተጭነው ቢለቁት በሰከንድ 1.3 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። አሁን 30 በመቶ የጠነከረና መኪናውን 40 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚያደርግ ሞላ እንግጠምለት። ውዝዋዜው በሰከንድ ወደ 1.5 ጊዜ ያህል ከፍ ይላል። እስከዚህ ድረስ ለውጡ መጠነኛ ነው።

ዋናው ለውጥ ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። መኪና ጉድጓድ ሲገባ ወይም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲወጣ፣ ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። ይህ ቦታ ቀድሞ 80 ሚሊ ሜትር ከነበረ አሁን የቀረው 40 ብቻ ነው። ሞላ የሚያጠራቅመው ኢነርጂ ደግሞ ከርቀቱ ካሬ ጋር ይሄዳል። ስለሆነም የቀድሞው ሞላ መኪናው ከቆመበት ከፍታ አንሥቶ እስከ ማቆሚያው ድረስ 64 ጁል ይቀበል ነበር፤ አዲሱ ግን ጠንክሮም እንኳ ከ21 ጁል አያልፍም። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የቀድሞውን ያህል ለመቀበል ሞላው አራት እጥፍ መጠንከር ነበረበት፤ ይህን ያህል የጠነከረ ሞላ ደግሞ ለዘወትር አውቶሞቢል አይመችም። እንግዲህ የጎደለውን ማን ይሸፍነው? የሚሸፍኑት ሾክ አብዞርበሩና በመጨረሻ ላይ ያለው የማቆሚያ ጎማ ናቸው። እነርሱ አርጅተው ከሆነ ግጭቱ ወደ መኪናው አካልና ወደ ተሳፋሪው አከርካሪ ይተላለፋል።

የሚያረግበው ማን ነው?

ሞላ ኢነርጂን ያጠራቅማል እንጂ አያጠፋም፤ የተቀበለውን መልሶ ይሰጣል። ውዝዋዜውን የሚያረግበው ሾክ አብዞርበሩ ነው። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች እየተገፋ ሲያልፍ እንቅስቃሴው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዘመን ሲቆጠር ግን ማሸጊያው ይበላል፣ ዘይቱ ይተናነሳል፣ ቫልቮቹም ይለዝባሉ።

በምሳሌያችን መኪና ላይ ጤነኛ ሾክ አብዞርበር ቢኖር፣ መኪናው ከተገፋ በኋላ አንድ ሙሉ ውዝዋዜ ሲጨርስ ከመጀመሪያው መጠን የሚቀረው 13 በመቶ ያህል ነው። በዚሁ ጤነኛ ሾክ አብዞርበር ላይ ጠንካራውን ሞላ ብንገጥም ቀሪው 17 በመቶ ይሆናል፤ ይህን አሽከርካሪው ላያስተውለው ይችላል። የሾክ አብዞርበሩ የማርገብ አቅም በእርጅና ምክንያት በግማሽ ቀንሶ ከሆነ ግን በቀድሞው ሞላ 38 በመቶ፣ በአዲሱ ሞላ ደግሞ 43 በመቶ ይቀራል።

ከእነዚህ አራት ቁጥሮች የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። የጥፋቱ ዋና ምንጭ አዲሱ ሞላ ሳይሆን ቀድሞ የነበረው እርጅና ነው። መኪናው ከፍ ብሎ ሳለ ለትርፍ ውዝዋዜ የሚሆን ቦታ ስለ ነበረ ድክመቱ ተሸፍኖ ኖሯል። ቦታው በግማሽ ሲጠብ ሽፋኑ ይነሣል። «እስከ ዛሬ ችግር አልነበረበትም» የሚለው መከራከሪያም ኃይል የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ እስከ ዛሬ የሠራው ለትናንቱ ሁኔታ ነበርና።

ጉዳዩ የምቾት ብቻ እንዳይመስለን። ጎማ መንገድን ጨብጦ የሚይዘው በላዩ ባረፈው ጭነት መጠን ነው። መኪናው ሲወዛወዝ ጭነቱ ይበዛል፣ መልሶም ያንሳል፤ ባነሰበት ቅጽበት ፍሬን የያዘ ወይም መሪ ያዞረ አሽከርካሪ ያሰበውን ምላሽ አያገኝም። በዚያ ቅጽበት የሚከፍለው አሽከርካሪው ብቻ አይደለም፤ መንገድ የሚያቋርጠው እግረኛም ነው።

የማይታዩት ትንንሾቹ

ኮሮላንና ቪትዝን በመሳሰሉ፣ በመንገዶቻችን ላይ በብዛት በሚታዩ አውቶሞቢሎች የፊት ክፍል፣ ሞላው ሾክ አብዞርበሩን ከብቦ ይቀመጣል። የሾክ አብዞርበሩ ቱቦም ከማርገብ ሌላ ጎማውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ምሰሶ ነው። ዘንጉ በእርጅና መላወስ ከጀመረ የጎማው አቋም ይዛነፋል፤ ጎማውም በአንድ ጎኑ ይበላል። መኪናው ዝቅ ሲል ደግሞ ለዓመታት ከውጭ ሆኖ አቧራና ዝገት ያረፈበት የዘንጉ ክፍል ዘወትር ወደ ማሸጊያው ይገባል፤ የደከመ ማሸጊያም ይህን አይችለውም።

ከምሰሶው አናት ላይ ያለው የጎማ መቀመጫና ኩሽኔታ መሪ በተዞረ ቁጥር የሚሠሩ ናቸው። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ኩሽኔታው ከሻከረ መሪው ይከብዳል፣ ድምፅም ይሰማል። ከታች ያለው የክንድ ጎሚኒ በማዕከሉ ከብረት ጋር የተጣበቀ ስለሆነ እንቅስቃሴውን የሚቀበለው በመጠምዘዝ ነው። ስለዚህ ቡሎኑ ተጨርሶ መጥበቅ ያለበት መኪናው በአዲሱ ከፍታው በጎማዎቹ ላይ ቆሞ ሳለ ነው፤ ጎማዎቹ አየር ላይ ተንጠልጥለው ቢጠብቅ ጎሚኒው ዕድሜውን ሁሉ ተጠምዝዞ ይኖራል። የክንዱ ማዕዘን ስለሚለወጥ ቦል ጆይንቱም ባልለመደው ማዕዘን ይሠራል። በዚሁ ምክንያት ሥራው ሲያልቅ የጎማዎቹን አቅጣጫ በመሣሪያ ማስተካከል የግድ ነው፤ የፊት መብራቱ አቅጣጫም መታየት አለበት።

ተቃውሞውና መልሱ

የመጀመሪያው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። መለዋወጫ ውድ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ይሁንና ሞላውን ለማውጣት ምሰሶው ከመኪናው መውረድ፣ የላይኛው መቀመጫም መፈታት አለበት። ሾክ አብዞርበሩን ለመለወጥ የሚፈለገውም ይኸው ሥራ ነው። ዛሬ አሮጌውን መልሶ የገጠመ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ የእጅ ዋጋውንና የአቅጣጫ ማስተካከያውን ዳግመኛ ይከፍላል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። ከዚህም በላይ ሞላን ማውጣት አደጋ ያለበት ሥራ ነው። 150 ሚሊ ሜትር የታመቀ የምሳሌያችን ሞላ በውስጡ 225 ጁል ይዟል፤ ይህም 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ድንጋይ ከ2 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ሲወድቅ ከሚኖረው ጋር የሚተካከል ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ያለ በቂ ምክንያት ሁለት ጊዜ ማሠራት ተገቢ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ደህናውን ለምን እንጥላለን?» የሚል ነው። ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እኛም ሁሉም ነገር ይጣል አንልም። ዘይት ያላፈሰሰ፣ ያልተላወሰ፣ ለአጭር ጉዞ የተስማማና በቅርቡ የተገጠመ ሾክ አብዞርበር ሊቆይ ይችላል። ያልተሰነጠቀ ጎሚኒም እንዲሁ። ፍርዱ ግን ክፍሉ ወርዶ፣ ተጠርጎና በእጅ ተፈትሾ መሰጠት አለበት። ሾክ አብዞርበር ሲለወጥም በግራና በቀኝ አንድ ላይ ይሁን፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ የሆነበት መኪና በሁለቱ ጎኖቹ የተለያየ ጠባይ ያሳያልና።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሞላ ሳይገዙ ያለውን መቁረጥ ወይም በእሳት ማለዘብ። የሞላ ግትርነት ከሚሠሩት ጥምዞቹ ቁጥር ጋር በተቃራኒው ይሄዳል፤ ከስድስት ጥምዝ አንዱ ቢቆረጥ ሞላው 20 በመቶ ይጠነክራል። ጫፉም ለመቀመጫው የተሠራበትን ቅርጽ ስለሚያጣ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። እሳት ደግሞ ብረቱ በፋብሪካ በሙቀት ያገኘውን ጥንካሬ ያጠፋበታል። እንዲህ ያለው መኪና የውጭ አልጋ፣ የውስጥ ቀጋ ነው።

ለወጣት አንባቢዎቻችን

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. መወሰኗ ይታወሳል። በእጃችን ያሉት መኪናዎች ከእኛ ጋር እያረጁ መሄዳቸው አይቀርም፤ ስለዚህም ያረጀ ክፍልን የመመርመርና በጊዜው የመለወጥ ልማድ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልገናል። ኮብልስቶንና ጉብታ በበዛበት ከተማ መኪናን ዝቅ ማድረግ ራሱ ይበጃል ወይ የሚለውም በቅድሚያ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

መኪናችሁን መለወጥ የምትሹ ወጣቶች ሆይ፤ ወደ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ አንሡ። ጎማው የሚንቀሳቀስበት ቦታ ምን ያህል እንደሚቀር ለኩ፤ የሁክን ሕግ ተጠቅማችሁ አስሉ። መካኒኩንም «ሞላውን ስንት ትገጥምልኛለህ?» ከማለታችሁ በፊት «ከሥር ያለው ምን ያህል አርጅቷል?» ብላችሁ ጠይቁት። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ሳይታወቅ የመጀመሪያው ዋጋ ሊታወቅ አይችልም።