ፊቷ የጠፋ ጠገራ ብር ሐሰተኛ ናት ወይ?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በአረርቲ ገበያ ያየሁትንና ብዙ ሰው የሚጎዳበትን አንድ ነገር በጋዜጣችሁ እንድታወጡልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ ከእናታቸው የወረሷትን አንዲት ጠገራ ብር ሊሸጡ ይዘው ወጡ። አሮጌ ብር የሚገዛው ሰው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ «እማማ፣ ይህች እንግሊዝ የመታት ቅጂ ናት፤ ደግሞም አልቃለች» ብሎ እዚህ ግባ የማይባል ዋጋ ሰጣቸው። እሳቸው ግን ያዘኑት ስለ ዋጋው አልነበረም። «ልጄ፣ እናቴ ሐሰት ነው ያወረሰችኝ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህ ጥያቄ መልስ ይገባዋል። ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከሞቷ በኋላ የተመቱት ብሮች ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዘው ወጥተዋል። ኢጣሊያ ማተሚያውን ከኦስትሪያ ተቀብላ በ1935 ሮማ ላይ መምታት ስትጀምር፣ እንግሊዝም በ1936 በለንደን ጀመረች፤ በጦርነቱ ጊዜ በ1940 እና በ1941 በቦምባይ ተመታ፤ በለንደንም እስከ 1961 ቀጠለ። ክብደቷ 28 ግራም ያህል፣ ከ1000 እጅ 833ቱ ጥሩ ብር ነው። እንግዲህ «የእንግሊዝ ናት» ማለትና «ሐሰተኛ ናት» ማለት ለየቅል ነው። በሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የወጣው የገንዘብ አዋጅ አዲሱን የኢትዮጵያ ገንዘብ ካቆመ ወዲህ መገበያያነቷ ቢቀርም፣ ብርነቷ አልቀረም።

የቀድሞ ነጋዴዎች በትከሻዋ ፈርጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየቆጠሩ፣ በጠርዟም ዙሪያ ያለውን ጽሕፈት በጣት እየዳሰሱ ይቀበሏት ነበር። ፊቷ በመዳፍ ብዛት ከተላጨ ግን ዓይንም ጣትም አይረዳም። ያን ጊዜ መፍትሔው ሚዛንና ውሃ ነው። የጎረቤቴን ብር ከአንድ የፊዚክስ መምህር ወዳጄ ጋር ሆነን መዘንናት፤ 27.2 ግራም ሆነች። በቀጭን ክር አንጠልጥለን ውሃ ውስጥ ስንመዝናት 24.5 ሆነች። የጎደለው 2.7 ነውና፣ 27.2 በዚህ ሲካፈል 10 ያህል ይመጣል። የእውነተኛይቱ 10.2 ገደማ ነው፤ የናስ ግን ከ9 በታች ነው። ብሯ ብታልቅ ክብደቷ ይቀንሳል እንጂ ይህ ስሌት አይለወጥም። የእርሳስና የቆርቆሮ ድብልቅ እንዳያታልል ግን ድምፅዋንም መስማት ያሻል፤ ብር ስትመታ ረዘም አድርጋ ትጮኻለች፤ እርሳስ ደንቆሮ ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የምለው ይህ ነው። በየወረዳው ገበያ የሚመለከተው ክፍል አንድ የታመነ ሚዛን ቢያቆም ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። እኛም ፊደል የቆጠርን የመንግሥት ሠራተኞች፣ እናቶቻችን የያዙትን ሳያስመዝኑ እንዳይሸጡ፣ በአመድና በሎሚም እየፈተጉ እንዳያበላሹ ልንመክራቸው ይገባል። ገዢ ራሱ መዛኝ፣ ራሱም ዳኛ በሆነበት ገበያ ፍርድ አይገኝም።

ጎረቤቴ ብሯን አልሸጡም። በጨርቅ ቋጥረው ለልጅ ልጃቸው አስቀምጠዋታል።

አክባሪዎ
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአረርቲ