ጓያና የወጣት ጉልበት

የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ወደ መተማ ቆላ የሚወርደው ወጣት ሀብቱ ጉልበቱ ነው። ከመካከላቸውም እንደ ደምቢያ ካለው ጓያ አብቃይ አገር የሚነሣ አለ። ጓያ ድርቅን ችሎ ድኻውን ከረኀብ ያወጣል፤ ነገር ግን ለወራት እርሱኑ ብቻ ሲበሉት በውስጡ ያለው መርዝ ነርቭን ጎድቶ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ይልቁንም ከባድ ሥራ የሚሠራውን ወጣት ወንድ ያጠቃል። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ በወሎ፣ በደላንታና በዳውንት፣ ከ2000 የሚበልጡ ሰዎች በዚሁ ተጎድተዋል። የተሰናከለውን እግር የሚመልስ መድኃኒት የለም። ጓያውን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላት ግን ጉዳቱን ይቀንሳል። እንግዲህ ተማሪው ለዕረፍት አገሩ ሲገባ ይህን ለቤተ ሰቡ ያስረዳ፤ ወጣቱ ሹምም ጎተራው በጓያ ብቻ ሳይቀር እህል እንዲደርስ አስቀድሞ ያስብ።