በዘንቢል የሚገባ ጨው
ሐኪም «ጨው ቀንሱ» ሲል ደብረ ብርሃን ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሸሽገው የጨው ዕቃውን ነው። እኔ ግን ዘንቢሉ ይቅደም ባይ ነኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው፤ ያውም ዳቦውም ወጡም ተደምሮ። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ በርበሬና ሽሮ ብዙ ጊዜ ጨው አብሮት ተፈጭቷል፤ እኛ ደግሞ ድስቱ ላይ እንደገና እንነሰንሳለን። የወጥ ማጣፈጫ ኪዩብማ ስሙ ተለወጠ እንጂ ከሁሉ በላይ ያለበት ጨው ነው። ዛላውንና ባቄላውን ገዝቶ ያለ ጨው ማስፈጨት፣ አዮዲን ያለውን ጨው ኋላ ለክቶ መጨመር ይሻላል። ድሮ ጨው ከአሳል ሐይቅ በአፋር ግመሎች ተጭኖ ከአንኮበር ሥር እስካለችው አልዩ አምባ ይመጣ ነበር፤ አሞሌ ገንዘብ በነበረበት ዘመን ማን ይበትነዋል? ሲረክስ እጃችን ላላ። ደግነቱ ደጋው ገብስ አለው፤ አሰሩ ኮሌስትሮል ይቀንሳል። ገብሱ፣ ምስሩ፣ ጎመኑ መደብ ላይ ሲቀመጡ ጨው አልነካቸውም። በሶው ላይ ግን እጠይቃለሁ። «እማማ፣ ጨው አለበት?» ስላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ያለ ጨውማ ምኑ ይጣፍጣል፣ ልጄ!»