ከአውሮፓ የተመለሰ ሰው እውነቱን ይናገር



«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይባላል። በኛ ሰፈር ግን ነገሩ ተገላብጧል፤ ልጆቻችንን የሚናፍቃቸው ያላዩት አገር ነው። ለዚህ ደግሞ ጥፋተኞቹ ልጆቹ ሳይሆኑ ሄደን የመጣነው ነን ባይ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ልጄን ልጠይቅ ፍራንክፈርት ሄጄ፣ ከዚያም በባቡር በሙኒክና በብሬነር በኩል ሮም ድረስ ዘልቄ ነበር። ስመለስ ጎረቤቱ ሁሉ «አውሮፓ እንዴት ነው?» ሲለኝ «ምኑ ይጠየቃል፣ ገነት ነው!» አልኩ። ፎቶግራፉንም አሳየሁ። ያላሳየሁትን ዛሬ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው እዚሁ፣ ከቪዛው ነው። ለማመልከቻው ብቻ 90 ዩሮ ይከፈላል፤ ቢከለክሉም ገንዘቡ አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ለሌላው ሰው በ15 ቀን የሚሰጠው መልስ ለኛ 45 ቀን እንዲሆን የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 (እ.ኤ.አ. 2024) ወስኗል።

እዚያ ሲደርሱ በአንድ ቪዛ 29 አገር ይዞራል፤ ድንበር የለም ይባላል። እውነት ነው፣ ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። ጀርመን ከኦስትሪያ በኩል ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ በመስከረም 2024 ደግሞ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ላይ ቁጥጥር ጀምራለች። ከሮም ስመለስ ድንበር ላይ ፖሊሶች ባቡሩ ውስጥ ገቡ። ፉርጎው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ፓስፖርት የተጠየቅነው ግን እኔና አንድ ጥቁር ወጣት ብቻ ነን። የኔ ወረቀት ሙሉ ስለነበር «መልካም ጉዞ» ብለውኝ አለፉ። ልጁን ይዘውት ወረዱ። የማን ልጅ ይሆን? እያልኩ እስከ ሙኒክ አንድም ነገር አልቀመስኩም።

ሌላው ትንንሹ ነገር ነው፤ ኪስ የሚያራቁተው ግን እሱ ነው። ጣልያን አገር የአካባቢ ባቡር የወረቀት ቲኬት ሳይሳፈሩ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን ይመታል። እኔ ምን አውቄ! ቲኬት ገዝቼ ሳለ 50 ዩሮ ተቀጣሁ። በብዙ ጣቢያ ሽንት ቤት በሳንቲም ነው። ጀርመን አገር እሑድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነውና ቅዳሜ ያልሸመተ ጾሙን ያድራል። በብር እያባዛ የሚያስብ ሰው ደግሞ ሻይም አይጠጣ።

ደግ ደጉንም ልናገር። ሮም ውስጥ በየመንገዱ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ በነፃ ይፈሳል፤ ጠጥቼ መርቄአለሁ። መንገድ የጠየቅሁት ሰውም አላሳፈረኝም።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን የልጄ ኑሮ ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ወጥታ ማታ ደክሟት ትገባለች። ጎረቤቷን ስም አታውቅም። የምትልክልን ገንዘብ ከየት እንደሚቆረጥ ያየሁት ያኔ ነው። እኔ ግን ሰፈር ተመልሼ «ተደላድላ ትኖራለች» ነው ያልኩት።

እንግዲህ ይህ ውሸታችን ዋጋ አለው። «ገነት ነው» ያልነውን የሰማ ወጣት ቪዛ ሲያጣ በሱዳንና በሊቢያ በረሃ፣ ከዚያም በባሕር ይሞክረዋል። በዚህ መንገድ ልጁ የቀረበት ቤት ሄደን ለቅሶ የተቀመጥን እኛው ነን።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። በወሩ ስብሰባችን ላይ ከውጭ የተመለሰ ሰው ያየውን፣ ደጉንም ክፉውንም፣ ለወጣቶቻችን ያውራ። ለሚሄድ እናትና አባትም ሽቶና ጫማ አምጡ ብለን ከማዘዝ፣ ቲኬቱ እንደሚመታና ወረቀቱ ከኪስ እንደማይለይ እንንገራቸው። ለመጀመሪያው ስብሰባ ተናጋሪ ቢጠፋ እኔ አለሁ።

አንድ የሰፈሩ ነዋሪ