ጭስ የሌለው ጎጆ

ባለፈው እትማችን ላይ «ጎጆዬ» እያለ የሚያለቅስ ግጥም ወጥቶ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረውም ላይ እንዲሁ። በእነዚህ ገጾች ጎጆ ማለት ወይ የእናት ናፍቆት ነው፣ ወይ ደግሞ «የኋላ ቀርነታችን ምልክት» ነው። አልቃሹንና ተራጋሚውን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ፤ ሁለቱም ቀና ብለው ወራጁን ቆጥረው አያውቁም። ኧረ ጓዶች፣ ጎጆ እኮ ቤት ነው! ሰው አስቦ የሠራው ቤት። ግጥም ከመሆኑ በፊት ድንጋይ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ሳር ነው፣ የደቦ ጠላ ነው።

ነገሬ አየር ላይ እንዳይንሳፈፍ የላስታን ጎጆ ልያዝ። ላሊበላ የሄደ ሁሉ ስለ አብያተ ክርስቲያናቱ ያወራል፤ አጠገባቸው ያሉትን ክብ ቤቶች ግን ጀርባውን ሰጥቷቸው ፎቶግራፍ ይነሣል። ላሊበላ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ ዩኔስኮ ስለ ቦታው በሚሰጠው መግለጫ ውስጥ እነዚህም ቤቶች ተጠቅሰዋል። ግድግዳቸው የአገሩ ቀይ ድንጋይ ነው፤ የሚያያይዘው ሲሚንቶ ሳይሆን ጭቃ ነው። ባለ ደርብ ናቸው። ከታች ከብቱና ዕቃው፣ ከላይ ሰዉ፤ መውጫው በውጭ በኩል ግድግዳውን ታክኮ የሚወጣ ደረጃ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ በሆነ አገር፣ ሌሊቱ በሚበርድበት፣ ከበታችህ የከብት ትንፋሽ መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ የዶርም ብርድ ልብስ ያለው ሰው አይገባውም።

ለምን ክብ ሆነ? «ባህላችን ስለሆነ» ብሎ የሚመልስልኝ የሥነ ሕንፃ ተማሪ አለ፤ ይኼ መልስ አይደለም። ላስታ ድንጋይ የሞላው፣ እንጨት የጠፋበት አገር ነው። ክብ ቤት ረጅም ሠረገላ አይጠይቅም፤ አጫጭሩና ጎባጣው እንጨት ሁሉ ወራጅ ሆኖ ጫፉ ላይ ይገናኛል፣ ማገሩ ዙሪያውን እንደ ቀበቶ ጠፍሮ ይይዘዋል። ማዕዘን ስለሌለው ድንጋዩን የሚጠርብ ባለሙያ ብዙ አይለፋም። ክዳኑ ቀጥ ብሎ መሾሉም ለጌጥ አይደለም፤ ሳር ውሃ የማያስገባው ዝናቡ ሳይቆምበት ተንሸራቶ ሲወርድ ብቻ ነው። ተዳፋቱን ብታላላው በአንድ ክረምት ይበሰብሳል። ይኼ ሁሉ ሂሳብ ነው፤ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ሂሳብ።

ቆርቆሮ ሲመጣ ምን ሆነ? ቆርቆሮ አራት ማዕዘን ነው። ክብ ቤት ላይ ልክደነው ብትል ግማሹን ቆርጠህ ትጥለዋለህ። ስለዚህ ገበሬው ጣራውን ሲለውጥ ግድግዳውንም ለወጠ፣ ቤቱም አራት ማዕዘን ሆነ። እዚህ ላይ ነው አልቃሾቻችን «ባህሉን ሸጠ» የሚሉት። በምን አፍህ? የሳሩ መሬት ታርሶ አልቆ፣ ክዳን በየጥቂት ዓመቱ ታድሶ፣ ለደቦው ጠላና እንጀራ ተደግሶ፣ አንዴ ተከድኖ ለዓመታት የሚተኛ ነገር ያገኘ ሰው ምን ያድርግ? ቀን ይፋጃል፣ ሲዘንብ ያደነቁራል፤ እሱም ይኼን ከእኛ በላይ ያውቃል። አውቆ ነው የመረጠው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ግዙፍ መጠለያዎች ተተከሉ። በዚያው አሥርት ዓመት ውስጥ ደሞ በቅርሱ ክልል ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦች ወደ ሌላ ሰፈር እንዲነሡ ተደረገ። ጥቂት ጎጆዎች ለቅርስነት ተብለው ያለ ነዋሪ ቀሩ። ያነሧቸው ያለ ምክንያት ነው አልልም። ሰፈሩ ተጨናንቋል፣ የቤት ፍሳሽ ለዚያ ድንጋይ ጠላቱ ነው። ለመጠለያውም ቢሆን ዝናብ የሚያፈርሰውን ቅርስ ማዳን ግድ ነበር፤ ምንም እንኳ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የላሊበላ ሰው አደባባይ ወጥቶ መጠለያው ራሱ ስጋት ሆኖብናል ብሎ ቢጮህም።

ግን ማንም ያልጠየቀው አንድ ነገር አለ። የሳር ክዳንን የሚያቆየው ምንድን ነው? ጭስ ነው! በየቀኑ ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ሳሩን ያደርቀዋል፣ ጥላሸት ያለብሰዋል፣ ምስጡንና ነቀዙን ያባርራል። ሴትዮዋን ዓይኗን ያጠፋው፣ ደረቷን ያሳለው ጭስ ቤቱን አቁሞ የኖረው እሱ ነው። እሷ ስትነሣ እሳቱ ጠፋ፤ እሳቱ ሲጠፋ ክዳኑ መበስበስ ጀመረ። እንግዲህ «ቅርሱ ተጠብቋል» የሚለን የቱ ነው?

የሚያስቀው ደሞ፣ ሎጅ የሚሠሩት ባለሀብቶቻችን የጎጆ ቅርጽ እያስመሰሉ በሲሚንቶ ይገነባሉ፤ ፈረንጅም ዶላር ከፍሎ ያድርበታል። ከጎጆው የተነሣው ሰው ልጅ እዚያው ትሪ ይዞ ይቆማል። (ለዚህ ግጥም የጻፈ አላየሁም።)

ለቅሶውን አቁመን ሌላ ነገር እንሞክር። በዚህ ግቢ ውስጥ የሥነ ሕንፃ ተማሪ አለ፣ የታሪክ ተማሪ አለ፣ የላስታ ልጅም አለ። ክረምት ለዕረፍት ስንበተን ሜትርና ደብተር ይዘን ብንሄድ፣ የቆሙትን ብንለካ፣ ከዚያ ሰፈር የተነሡትን እናቶች ክዳኑ በስንት ዓመቱ ይታደስ እንደነበር፣ ሳሩ ከየት ይመጣ እንደነበር፣ ደግሞም መመለስ ይፈልጉ እንደሆነና እንዳልሆነ ብንጠይቅ ምን ይጎድልብናል? «አልፈልግም፣ ቆርቆሮዬ ይሻለኛል» ካሉም እንደ ወረደ ጽፈን እናምጣው። የሚቀጥለው እትም የሚዘጋው በጥቅምት ነው።