ለሮሽ ሃሻና ማዕድ ግሉተን የሌለው ሰላጣ፦ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሁሉም



«ለበዓል አንድ ማንኪያ ብትቀምሺ ምን ትሆኛለሽ?»

ሴሊያክ ያለባት ሴት በበዓል ማዕድ ላይ ይህን ሳትሰማ አትቀርም። ተናጋሪው በፍቅር ነው የሚለው። ሴሊያክ ግን «አይስማማኝም» የሚባል ነገር አይደለም። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን ወደ ሆድ ሲገባ የሰውነት መከላከያ ተነስቶ ትንሹን አንጀት ይጎዳል። ተቅማጥ ላይኖር ይችላል፤ አንዳንዱ ላይ የሚታየው መድኃኒት ተወስዶም የማይሻል የደም ማነስ ብቻ ነው። ስለዚህ «አምናም በልታ ምንም አልሆነችም» ማስረጃ አይሆንም።

በዚህ ሰሞን እስራኤል ያላችሁ ተከታታዮቼ ሮሽ ሃሻናን፣ ቤተ እስራኤል በቀድሞ ስሙ «ብርሃን ሠረቀ» የሚሉትን በዓል፣ ልታከብሩ እየተዘጋጃችሁ ነው። የእህል ሰላጣ ካሰባችሁ የእኔ ምክር አንድ ነው፦ ለታማሚዋ ለብቻ ትንሽ ሳህን አታዘጋጁ። ትልቁን ሰላጣ ራሱን ግሉተን የሌለው አድርጉት። ሁለት ዓይነት ሲቀርብ ማንኪያው ይቀያየራል፤ እሷም በገዛ ቤተሰቧ መሃል እንግዳ ትሆናለች።

እህሉን ስትመርጡ ግን ተጠንቀቁ። ቡልጉር፣ ኩስኩስ፣ ፕቲቲምና ፍሪኬ ሁሉም ስንዴ ናቸው። በዕብራይስጥ ደግሞ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት እህሎች አሉ። ዛሬ ሱቅ ውስጥ «ኩሴሜት» የሚባለው ግሉተን የለውም፤ «ኩስሚን» ግን የስንዴ ዘር ነው። አያቶቻችንን ገበያ ስትልኩ ይህን በደንብ ንገሯቸው። ጤፍ ግሉተን ባይኖረውም ሲቀቀል ገንፎ ስለሚሆን ለሰላጣ አይመችም። የሱቅ እንጀራም ስንዴ ወይም ገብስ ሊቀላቀልበት ስለሚችል ጠይቃችሁ ግዙ።

እኔ ኪኖዋ እመርጣለሁ። 2 ኩባያ ኪኖዋ ምሬቱ እንዲለቅ በደንብ እጠቡ፤ በ4 ኩባያ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ቀቅሉና ሰፋ ባለ ትሪ ላይ በትናችሁ አቀዝቅዙ። ትኩስ እያለ ከተደባለቀ ይላቆጣል። ከዚያ የ1 ሮማን ፍሬ፣ በትንንሹ የተከተፈ ፖም፣ ናና፣ የ1 ሎሚ ጭማቂ፣ የወይራ ዘይት፣ ጨውና 1 ማንኪያ ማር ጨምሩበት። ማዕዱ ሥጋ ካለበት አይብ አይገባም፣ እሱን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ኪኖዋ ከተወደደባችሁ ማሽላ ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል ቀቅሉ። እውነቱን ለመናገር ይህ የእህል ሰላጣ የሚሉት ነገር ያው የእኛው ንፍሮ ነው፣ ሎሚና ዘይት ተጨምሮበት።

ፓስታ ሲጠለልበት የኖረ ወንፊትና ዳቦ ሲቆረጥበት የኖረ የእንጨት መክተፊያ ለዚህ ሰላጣ አይሁን።

(በነገራችን ላይ፣ «እኔም ሳይኖርብኝ አይቀርም» ብላችሁ ከጠረጠራችሁ የደም ምርመራው ሳይሠራ በፊት ስንዴ አታቁሙ። ካቆማችሁ ውጤቱ በሽታው እያለ የለም ሊል ይችላል።)

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የማሩን ሳህን ነው። ሁሉም ሃላውን እየቆረሰ፣ ፖሙንም እየቆረጠ እዚያው አንድ ማር ውስጥ ይነክራል፤ የዳቦው ፍርፋሪ ማሩ ውስጥ ይቀራል። ለእሷ ማሩ ገና ሳይነካ በትንሽ ሳህን ቀድሞ ይቀዳላት።

መልካም በዓል!